የቢሮ ሜይልም ኢሜይል ነው፦ ደብዳቤሽ ከሀዋሳ ተነስቶ የት የት እንደሚያርፍ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂዋ እዚሁ ሀዋሳ ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። ቢሮ ኮምፒውተሯ ላይ በአውትሉክ የሚገባው ኢሜይል ስልኳ ላይ አይታይም። ባለፈው ሳምንት ጀርመን ላለ ገዢ ሰነድ ልካ "አልደረሰኝም" ተባለች፤ እሷ ጋ ግን "ተልኳል" ይላል። ለሥራ አስኪያጇ ስትነግራቸው "ይሄኮ የቢሮ ሜይል ነው እንጂ የኢንተርኔት ኢሜይል አይደለም፣ ጂሜይል ክፈቺና ተገላገይ" አሏት። "እውነታቸውን ነው? ኢሜይል የሚባለው የቱ ነው?" ትላለች።

እህቴ፣ ሦስት ነገር ነው የጠየቅሽው፤ ሥሩ ግን አንድ ነው። የኔ ሥራ ኔትወርክና ሰርቨር ነው፣ እዚሁ ከተማ ከቢሮ ቢሮ እየዞርኩ፤ ያንቺ ችግር ደግሞ በሄድኩበት ሁሉ የሚገጥመኝ ነው። ስለዚህ "እዚህ ጋ ተጫኚ" ብዬ ከማልፍሽ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርሽ። ረዘም ይላል። አንዴ ከገባሽ ግን ሁለተኛ ማንም አያወዛግብሽም።

ከሥራ አስኪያጁ ልጀምር። ተሳስተዋል። ከአት ምልክቱ በኋላ የድርጅታችሁ ስም ያለበት አድራሻ የለየለት የኢንተርኔት ኢሜይል ነው። ጂሜይልም ኢሜይል ነው፣ የናንተም ኢሜይል ነው። ልዩነቱ ሣጥኑ የተቀመጠው ማን ቤት ነው የሚለው ብቻ ነው። ጂሜይል ጎግል ሰርቨር ላይ፣ ማለትም ሁሌ ክፍት በሆነ ኮምፒውተሩ ላይ፣ ይቀመጣል። የናንተ ደግሞ ምናልባት ዌብሳይታችሁን የሚያስቀምጥላችሁ ድርጅት ሰርቨር ላይ ይሆናል።

አንድን መልእክት የኢንተርኔት ኢሜይል የሚያሰኘው የምታነቢበት አፕ አይደለም። በአውትሉክ አነበብሽው፣ በስልክሽ አነበብሽው፣ በብራውዘር ገብተሽ አነበብሽው፣ ለውጥ የለውም። ዋናው ነገር ያለው ርክክቡ ላይ ነው። አንድ ሰርቨር አይቶት የማያውቀውን ሌላ ሰርቨር በአድራሻው ፈልጎ ያገኘዋል፣ ሁለቱም በሚችሉት ቋንቋ ያናግረዋል፣ ሁለቱም በሚያውቁት ቅርጽ የተጻፈ ደብዳቤ ያስረክበዋል። ፍለጋው የሚካሄደው በዲኤንኤስ፣ በኢንተርኔት የስምና የአድራሻ ማውጫ ነው። ቋንቋው ኤስኤምቲፒ ይባላል። የደብዳቤው ቅርጽ ደግሞ አርኤፍሲ 5322 በሚባል ሰነድ ላይ ተጽፏል፤ የወጣው በ2008 ነው፣ የኤስኤምቲፒ የአሁኑ ሰነድ አርኤፍሲ 5321ም የወጣው በዚያው ዓመት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ። ሰነዶቹ ለማንም ክፍት ናቸው፣ በነፃ ይነበባሉ። ነገ ተነስተሽ የራስሽን ሰርቨር ብትተክይና ሕጉን ብትከተይ የማንንም ፈቃድ ሳትጠይቂ ለዓለም ሁሉ መጻፍ ትችያለሽ። እኔ ኢሜይልን የምወደው ለዚህ ነው። ባለቤት የለውም።

ቴሌግራም ኢሜይል የማይባለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከቴሌግራም ተነስተሽ ዋትስአፕ ላይ ላለ ሰው መጻፍ አትችይም። ሁለቱም የየራሳቸው አጥር አላቸው፤ አጥሩ ውስጥ ከሌለሽ የለሽም። በኢሜይል ግን የጂሜይል ሰው ለያሁ ሰው፣ የያሁ ሰው ለናንተ ቢሮ፣ የናንተ ቢሮ ሀምቡርግ ላለ ቡና ገዢ ይጽፋል። ማንም ማንን "የኔን አፕ አውርድ" አይልም።

መሀል ላይ የሚቀመጡም አሉ። ኤክስቼንጅ የሚባለው የማይክሮሶፍት ሰርቨር ያለበት ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁለት ሠራተኞች ሲጻጻፉ ደብዳቤው ከግቢው ላይወጣ ይችላል፣ አውትሉክና ኤክስቼንጅም የሚነጋገሩት በራሳቸው ቋንቋ ነው። ምናልባት ሥራ አስኪያጁ "የቢሮ ሜይል" ሲሉ የሰሙት ስለዚህ ይሆናል። ግን ያው ደብዳቤ የግቢውን በር አልፎ ውጭ ላለ ሰው ሲሄድ ኤስኤምቲፒ መናገሩ ግድ ነው። የጂሜይል ሰው ለጂሜይል ሰው ሲጽፍም ደብዳቤው ከጎግል ቤት አይወጣም፤ እና ጂሜይልን ኢሜይል አይደለም የሚል ሰው አለ? የለም። ምክንያቱም አድራሻው ለውጭ ሰው ክፍት ነው፣ ደብዳቤውም ወደፈለገው ቦታ መውጣት ይችላል።

ኢንተርኔት ሳይኖርም ኢሜይል ነበረ፤ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የሚባል የመረጃ ማዕከል ነበር። ፊዶኔት በሚባል መንገድ ደብዳቤ ያጠራቅምና በመደበኛ ስልክ መስመር ለውጭ ያቀብል ነበር። ሀገራችን ኢንተርኔት ያገኘችው በ1997 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ደብዳቤ ፊዶኔት ውስጥ እያለ የኢንተርኔት ኢሜይል አልነበረም። ሌላ አድራሻ፣ ሌላ ቅርጽ፣ ሌላ ቋንቋ ነበረው። ግን መግቢያ በር የሚሆን ኮምፒውተር አለ፣ ጌትዌይ ይሉታል፣ እሱ ጋ ሲደርስ ይተረጎምና ኢንተርኔት ኢሜይል ሆኖ ይቀጥላል። ስለዚህ "ይሄ ኢሜይል ነው ወይ?" ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛው መልስ አንዳንዴ "እስከዚህ ድረስ አይደለም፣ ከዚህ በኋላ ነው" ይሆናል።

ታሪኩን እዚህ ላይ ላሳጥረው። ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በኔትወርክ ደብዳቤ ያስተላለፈው ሬይ ቶምሊንሰን ነው፣ በ1971፤ አት ምልክትንም ለዚህ የመረጠው እሱ ነው። ኤስኤምቲፒን ጆን ፖስተል በ1982 ጻፈው። ዛሬ ሰርቨሮች የሚነጋገሩበት መሠረቱ ያው ነው።

አሁን ወደ ሰነድሽ እንምጣ። መናኸሪያ ሄደሽ ወደ አዲስ አበባ ፖስታ በሹፌር ስትልኪ ምን ታደርጊያለሽ? ፖስታው ላይ የተቀባዩን ስምና ስልክ ትጽፊያለሽ። ሹፌሩ የሚያየው እሱን ነው። ውስጥ ያለው ደብዳቤ "ለተከበሩ አቶ እንትና" ቢልም ባይልም ጉዳዩ አይደለም። ኢሜይልም ልክ እንዲህ ነው። ፖስታው ሌላ፣ ደብዳቤው ሌላ። አንቺ አውትሉክ ላይ የምታይው "ከ" እና "ለ" ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ነው። ፖስታውን የሚያዩት ሰርቨሮቹ ብቻ ናቸው። ቢሲሲ አድርገሽ፣ ማለትም በስውር ቅጂ፣ የላክሽለት ሰው ለሌሎቹ የማይታየው ለዚህ ነው፤ ስሙ ፖስታው ላይ አለ፣ ደብዳቤው ላይ የለም።

ርክክቡን በቅርበት ላሳይሽ። የናንተ ሰርቨር መጀመሪያ ዲኤንኤስን "የዚህን ዶሜይን ደብዳቤ የሚቀበለው ማን ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ዶሜይን ማለት ከአት ምልክቱ በኋላ ያለው ስም ነው። መልሱ ኤምኤክስ የሚባል መዝገብ ነው። ብዙ ሰርቨር ከተዘረዘረ ትንሹ ቁጥር ያለው ይቀድማል። ከዚያ በ25 ቁጥር ፖርት በኩል ያንኳኳል፤ ፖርት ቁጥር የተሰጠው የሰርቨሩ በር ማለት ነው። የጀርመኑ ሰርቨር "220" ይላል፣ ዝግጁ ነኝ ማለት ነው። የናንተው "ኢህሎ" ብሎ ስሙን ይናገራል። ያኛው "250" ብሎ የሚችለውን ይዘረዝራል፣ ንግግሩን መመስጠር እንደሚችል፣ ስንት ሜጋባይት ድረስ እንደሚቀበል። ቀጥሎ "ሜይል ፍሮም" ይመጣል፣ ላኪው ይሄ ነው። "250"፣ እሺ። "አርሲፒቲ ቱ"፣ ተቀባዩ ይሄ ነው። "250"፣ እሺ፣ አውቀዋለሁ። እዚህ ድረስ ያለው ፖስታው ነው። ከዚያ "ዳታ" ይላል። "354" ይባላል፤ በል ጀምር፣ ስትጨርስ በባዶ መስመር ላይ አንዲት ነጥብ ብቻዋን አስቀምጥልኝ እንደማለት ነው። ደብዳቤው ይፈስሳል፣ ነጥቧ ትቀመጣለች።

ከነጥቧ በኋላ የሚመጣው "250" ነው ትልቁ ነገር። "ተቀብያለሁ፣ ከዚህ በኋላ ኃላፊነቱ የኔ ነው" ማለት ነው። ከዚያች ቅጽበት በፊት ደብዳቤው ቢጠፋ ተጠያቂው የናንተ ሰርቨር ነው፣ ከዚያ በኋላ የነሱ። ሹፌሩ ፖስታውን ተቀብሎ "በቃ፣ እኔ ጋ ነው" ሲልሽ ማለት ነው። ልብ በይ፣ "250" ማለት ሰውየው አነበበው ማለት አይደለም። ኢንቦክሱ ገባ ማለትም አይደለም። ሰርቨሩ ተረከበ ማለት ብቻ ነው።

በ4 የሚጀምር ቁጥር ከመጣ "አሁን አልተመቸኝም፣ ቆይተህ ና" ነው። ያኔ የናንተው ሰርቨር ደብዳቤውን ወረፋ ላይ ያስቀምጥና ደጋግሞ ይሞክራል። ሕጉ ቶሎ ተስፋ አትቁረጥ ይላል፣ ቢያንስ 4 ወይም 5 ቀን ሞክር ነው የሚለው። በ5 የሚጀምር ከሆነ ግን ቁርጥ ያለ እምቢታ ነው። 550 ብዙ ጊዜ "እንዲህ የሚባል ሰው እኛ ጋ የለም" ወይም "ያንተን ደብዳቤ አልቀበልም" ማለት ነው። ያን ጊዜ ሰርቨራችሁ "አልደረሰም" የሚል ደብዳቤ ለአንቺ መመለስ አለበት። ያን የተመለሰ ደብዳቤ ሰው ሁሉ በእንግሊዝኛ የተዝረከረከ ነገር መስሎት ሳያነብ ያጠፋዋል። እባክሽ አታጥፊው። መልሱ ያለው እሱ ውስጥ ነው። ባለ ሦስት አኃዙን ቁጥር ፈልጊና ከጎኑ ያለውን ዓረፍተ ነገር አንብቢ።

እንግዲህ አንቺ ጋ "ተልኳል" የሚለው የትኛው ርክክብ ነው? የመጀመሪያው ብቻ! ከአውትሉክሽ ወደ ራሳችሁ ሰርቨር። እሱ ርክክብም በኤስኤምቲፒ ነው፣ ግን በ587 ወይም በ465 ፖርት፣ በፓስወርድ ነው የሚገባው። አውትሉክ ይሄን እንደጨረሰ ደብዳቤውን "የተላኩ" የሚለው ውስጥ ያስቀምጠዋል። ከዚያ በኋላ ጀርመን ድረስ የሚሆነውን አውትሉክ አያውቅም። ስለዚህ አንቺም አልዋሸሽም፣ ገዢውም አልዋሸም። ሁለታችሁም የምታዩት የየራሳችሁን ጫፍ ነው።

ታዲያ የት ቀረ? እንዳንቺ ዓይነት ሥራ ላይ መጀመሪያ የምጠረጥረው የፋይሉን መጠን ነው። ኢንቮይስ፣ የመነሻ ሰርተፍኬት፣ የጤና ሰርተፍኬት፣ ሁሉንም በከለር ስካን አድርጋችሁ በአንድ ላይ አያይዛችሁ ትልካላችሁ። ኢሜይል ሲፈጠር የተሠራው ለእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነው፣ 128 ምልክት ብቻ ለያዘ ቋንቋ። ሥዕልም፣ ፒዲኤፍም፣ አማርኛም በዚያ መንገድ ቀጥታ አያልፍም ነበር። በ1992 ናትናኤል ቦረንስታይንና ኔድ ፍሪድ ማይም የሚባለውን ዘዴ አወጡ፤ ማንኛውንም ፋይል ወደ ተራ የእንግሊዝኛ ፊደል ቀይሮ የሚያሳልፍ። ዋጋው ግን ክብደት ነው። ቤዝ64 በሚባለው አጻጻፍ 3 ባይት የነበረው 4 ፊደል ይሆናል፣ ማለትም ፋይልሽ በሲሶ ይጨምራል። 20 ሜጋባይት ስካን መንገድ ላይ ወደ 27 ሜጋባይት ይጠጋል። ብዙ ሰርቨር ደግሞ ወሰኑን 25 አካባቢ ያደርጋል። አንቺ "20 ብቻ እኮ ነው" ትያለሽ፣ በሩ ላይ ሲደርስ ግን አያልፍም።

አማርኛችንም በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ነገሩ ደስ ይለኛል። ርዕሱ ላይ "ሰላም" ብለሽ ብትጽፊ ሦስት ፊደል ነው። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ፊደልን በኮምፒውተር የመጻፊያ ዘዴ አንዷ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ትይዛለች፣ ስለዚህ 9 ባይት። በቤዝ64 ሲጻፍ እያንዳንዷ ፊደል በትክክል 4 የእንግሊዝኛ ምልክት ትሆናለች፣ በጠቅላላው 12። ከፊትና ከኋላ "ይሄ ዩቲኤፍ-8 ነው" የሚል መለያ ይጨመርበታል። ሰርቨሮቹ የሚያዩት ያንን የማይነበብ ነገር ነው፤ ተቀባዩ ጋ ሲደርስ ተፈቶ "ሰላም" ይሆናል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ለዓለም ፊደሎች ቁጥር በሚሰጠው የጋራ መዝገብ ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የየራሱ ፎንት ነበረው፣ ያ ፎንት የሌለው ሰው የሚደርሰው ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ነበር፣ ብዙ ሰውም ተስፋ ቆርጦ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፍ ነበር። እንዲያውም ከ2012 ጀምሮ አድራሻውን ራሱ በግዕዝ ፊደል ማድረግ የሚያስችል ሕግ ወጥቷል። በሥራ ላይ እስካሁን እምብዛም አላየሁትም፣ ግን መንገዱ ተከፍቷል።

ወደ ጉዳያችን። ሁለተኛው ጥርጣሬዬ ስፓም ነው፣ ማለትም የማይፈለጉ ደብዳቤዎች የሚጣሉበት ፎልደር፤ ይሄኛው ደግሞ የባሰ ነው ምክንያቱም ተመላሽ ደብዳቤ እንኳን ላይመጣ ይችላል። ቅድም እንዳልኩሽ ደብዳቤው ላይ ያለውን "ከ" ማንም የፈለገውን መጻፍ ይችላል። ኤስኤምቲፒ ሲሠራ ተጠቃሚዎቹ ጥቂት፣ የሚተማመኑም ነበሩ፣ ማንነት የሚጣራበት ነገር አልተደረገለትም። በኋላ ሦስት መከላከያ ተጨመረ። ኤስፒኤፍ የሚባለው ዶሜይናችሁ ዲኤንኤስ ላይ የሚለጥፈው ዝርዝር ነው፣ "በኔ ስም መላክ የሚችሉት እነዚህ ሰርቨሮች ብቻ ናቸው" የሚል። ዲኪም ማኅተም ነው፤ ሰርቨራችሁ ደብዳቤውን በምስጢር ቁልፍ ያትመዋል፣ ተቀባዩ ዲኤንኤስ ላይ በተለጠፈው ግልጽ ቁልፍ ማኅተሙን ያረጋግጣል። ዲማርክ ደግሞ ሁለቱን ደብዳቤው ላይ ከሚታየው "ከ" ጋር ያመሳክርና "ካልገጠመ እንዲህ አድርጉ" ይላል፣ ዝም በሉ፣ ስፓም ውስጥ ክተቱ፣ ወይ ከነጭራሹ መልሱ። ከየካቲት 2024 ጀምሮ ጂሜይልና ያሁ በዚህ ላይ ጠበቅ ብለዋል። ጂሜይል ማንኛውም ላኪ ቢያንስ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም ይኑረው ብሏል፤ በቀን ከ5000 በላይ የሚልክ ሦስቱም ያስፈልገዋል። እዚህ ከተማ ዌብሳይት የሚሠሩ ልጆች ኢሜይሉን ከፍተው ሲሰጡ እነዚህን ሳያስገቡ የሄዱበትን ብዙ ቢሮ አይቻለሁ። ሥራው የግማሽ ሰዓት ነው! ባለመሠራቱ ግን የድርጅቱ ደብዳቤ ለወራት ስፓም ውስጥ ሲገባ ይከርማል፣ ማንም ሳያውቅ።

ይሄ ነገር ለቡና ላኪ ከስፓምም በላይ ነው። "የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል፣ ክፍያውን እዚህኛው ላይ አስገቡ" የሚል ደብዳቤ በናንተ ስም ለገዢው ቢደርስ፣ ዲማርክ ከሌላችሁ የገዢው ሰርቨር እሱን ከእውነተኛው የሚለይበት ጠንካራ ነገር የለውም። በሁለት ፊደል የሚለይ ተመሳሳይ ዶሜይን ገዝተው የሚልኩም አሉ፣ እሱን ዲማርክም አያስቆመውም። ስለዚህ ሒሳብ ተቀየረ የሚል ነገር ከመጣ፣ አንቺም ገዢውም በምታውቁት ስልክ ደውሉ። ኢሜይሉ ላይ በተጻፈው ስልክ አይደለም፣ ድሮ በምታውቁት።

ደብዳቤ የት እንደዘገየ ራስሽ ማየት ትችያለሽ። ማንኛውንም የደረሰሽን ኢሜይል ከፍተሽ ሙሉ ሄደሩን፣ ማለትም ከደብዳቤው በላይ ተደብቆ ያለውን የጉዞ መዝገብ፣ አውጪው። ጂሜይል ላይ ሦስቷን ነጥብ ስትጫኚ ኦሪጅናሉን አሳይ የሚል አለ። ደብዳቤው ያለፈበት እያንዳንዱ ሰርቨር "ተቀብያለሁ" ብሎ ስሙንና ሰዓቱን ከላይ ይለጥፋል። አዲሱ ሁሌ ከላይ ስለሚለጠፍ ከታች ወደ ላይ ነው የሚነበበው። ለምሳሌ አንቺ ከጠዋቱ 4፡42 ብትልኪ የታችኛው መስመር 10፡42 ከመደመር 3 ጋር ይላል፣ የኛ ሰዓት ከግሪንዊች በ3 ስለሚቀድም። መሀል ያለው ሰርቨር 7፡42 ሊል ይችላል፣ መደመር ዜሮ። የጀርመኑ በጋ ላይ ከሆነ 9፡42፣ መደመር 2። ሦስት የተለያየ ሰዓት ይመስላል፣ ሦስቱም ግን አንድ ደቂቃ ናቸው። አንዱ ልጅ ይሄን አይቶ "ደብዳቤው ሳይላክ ደርሷል" ብሎ ደውሎልኛል። መደመሩን አስተካክለሽ ስታይ በሁለት መስመሮች መሀል 6 ሰዓት ክፍተት ካለ፣ የተቀመጠው እዚያ ነው።

የቀረው የስልክሽ ጉዳይ ነው። እስካሁን ያወራነው ስለ መላክና ስለ መረካከብ ነው። ሣጥን ውስጥ የገባውን ማንበብ ሌላ ፕሮቶኮል፣ ሌላ መነጋገሪያ ቋንቋ ነው፣ እሱም ሁለት ዓይነት አለ።

እኛ ሀገር ፖስታ እቤትሽ ድረስ አይመጣም። ፖስታ ሣጥን ቁጥር ይኖርሻል፣ ቁልፍ ይዘሽ ሄደሽ ትከፍቻለሽ። ፖፕ3 ማለት ሣጥኑን ከፍተሽ ያለውን ሁሉ ጠራርገሽ ቤትሽ መውሰድ ነው። ቀጥሎ የሚመጣ ሰው፣ ለምሳሌ ስልክሽ፣ ባዶ ሣጥን ያገኛል። አይማፕ ደግሞ እዚያው ቆሞ ማንበብ ነው። ደብዳቤው ሣጥኑ ውስጥ ይቆያል፣ ያነበብሽው ላይ "ተነቧል" የሚል ምልክት ታደርጊያለሽ፣ በፎልደር ትለይዋለሽ፤ በስልክሽም በኮምፒውተርሽም ስትመጪ የምታገኚው ያንኑ ነው። ጉዳቱ፣ አንዱ ላይ ያጠፋሽው ሌላውም ላይ ይጠፋል፣ ምክንያቱም ሣጥኑ አንድ ነው። አይማፕን ማርክ ክሪስፒን ስታንፎርድ ሳለ በ1986 ነው የጀመረው። ፖፕ በ1984 የመጣ ነው፣ ሦስተኛው ዝርያው በ1988። የተሠራው ሰው አንድ ኮምፒውተር ብቻ በነበረው፣ ኮኔክሽንም በደቂቃ በሚከፈልበት ዘመን ነው፤ ገብቶ፣ ጠርጎ፣ መስመሩን መዝጋት። ለዘመኑ ትክክል ነበር።

ያንቺ አውትሉክ በፖፕ የተከፈተ ነው፣ ሳላየው እርግጠኛ ነኝ ማለት እችላለሁ። "ኮፒውን ሰርቨር ላይ ተው" የምትለዋ ሳጥን ምልክት አልተደረገባትም። ስለዚህ የሁሉም ደብዳቤ ብቸኛ ቅጂ እዚያች ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ይሄ ነው እኔን የሚያስጨንቀኝ፣ ከስልክሽም በላይ። ከዓመታት በፊት አንድ ቢሮ ጠርተውኝ ሄድኩ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሒሳብ ሠራተኛዋ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ሞቶ ነበር። "ችግር የለም፣ ኢሜይል እኮ ሰርቨር ላይ ነው" አሉኝ። ሰርቨሩን ከፈትኩት። ከዚያን ቀን ጠዋት ወዲህ የገቡ አራት ደብዳቤዎች ብቻ ነበሩ። የሦስት ዓመት ውልና ደረሰኝ ከዲስኩ ጋር ሄደ። ሴትየዋ ወንበሯ ላይ ዝም ብላ ቁጭ አለች፣ ያን ዝምታ እስካሁን አልረሳውም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አታዛቢ። ምንም ሴቲንግ ሳትነኪ በፊት አውትሉክን ዝጊና ደብዳቤዎችሽ የተቀመጡበትን ፒኤስቲ የሚባለውን ፋይል ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጪ። ከዚያ ያንኑ አድራሻ አውትሉክ ላይ በአይማፕ እንደ አዲስ አካውንት ጨምሪ፣ ፖርቱ 993 ነው። አሮጌውን አታጥፊው፣ ፖፑ ግን ከሰርቨሩ ማጥፋቱን እንዲያቆም ያችን ሳጥን ምልክት አድርጊባት። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ የድሮዎቹን ደብዳቤዎች እየጎተትሽ አይማፑ ውስጥ ባሉ ፎልደሮች ኮፒ አድርጊ፤ ወደ ሰርቨሩ ይጫናሉ። ኮኔክሽኑ ቀርፋፋ ከሆነ ማታ ትተሽው ሂጂ። ከመጀመርሽ በፊት ግን ሰርቨር ላይ ስንት ጊጋባይት ቦታ እንዳላችሁ ጠይቂ፣ ካልበቃ መሀል ላይ ይቆማል። ስልክሽንም በዚያው በአይማፕ ክፈቺው። ሁሉም ሲታይ ያኔ ፖፑን አውጪው።

ለጀርመኑ ሰውዬ ዛሬውኑ ስካኑን ጥቁርና ነጭ አድርገሽ፣ ከ5 ሜጋባይት አሳንሰሽ ድጋሚ ላኪለት፣ ስፓሙንም እንዲያይ በስልክ ንገሪው። ኢሜይላችሁን ለሚያስተዳድረው ድርጅት ደግሞ የላክሽበትን ቀን፣ ሰዓትና የተቀባዩን አድራሻ ሰጥተሽ "ለዚህ ደብዳቤ የተቀባዩ ሰርቨር የመለሰውን ቁጥር ከሎጋችሁ ላይ አውጡልኝ" በያቸው። ሎግ ሰርቨሩ የሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል ነው፤ እዚያ ላይ አለ፣ "አይገኝም" ቢሉሽ አትቀበያቸው። ቁጥሩ 250 ከሆነ ጉዳዩ ያለው ጀርመን ነው፣ በ4 ወይም በ5 የሚጀምር ከሆነ እናንተው ጋ ነው። ያን መስመር እንዳለ ገልብጠሽ ላኪልኝ፣ አይቼ የሚቀረውን እነግርሻለሁ።